ከምስር ወደ ጤፍ፦ ሞገድን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ በር



ዛሬ ጠዋት ቦሌ ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ፈታሿ ልጅ እግር ናት። ከቦርሳዬ ሥር አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል የብረት ሳጥን አወጣች፤ የቁልፌ ቀለበትም ከጎኗ ተጣብቆ አብሮ ወጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። ሳጥኗ ላይ የተሳለውን ቀስት አሳየኋትና «ልጄ፣ የሬዲዮ ሞገድ በዚህ በኩል ሲመጣ ታሳልፈዋለች፤ በዚያ በኩል ልመለስ ሲል ግን እዚያው ውጣ ታስቀረዋለች» አልኳት። አገላብጣ አየቻትና «እንግዲህ የእኛን ሥራ ነዋ የምትሠራው!» ብላ መለሰችልኝ።

ሳቅሁ። እውነቷን እንደሆነ የገባኝ ግን ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከአውሮፕላኑ ወርጄ፣ ያንን ፊት የሚገርፍ ሙቀት ተቀብዬ፣ ሻንጣዬን ይዤ ከወጣሁ በኋላ ባርኔጣዬን ውስጥ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ልመለስ ስል ጥበቃው በትሕትና፣ ነገር ግን ንቅንቅ ሳይል፣ «አባቴ፣ ይሄ መውጫ ነው። ዞረው በመግቢያው ይምጡ» አለኝ። ልክ ነው ያደረገው። ዞርኩ፣ ተፈተሽኩ፣ ባርኔጣዬን አገኘሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚሁ በር ነው፤ ልዩነቱ የእኔ በር ሰውን ሳይሆን ሞገድን የሚጠብቅ መሆኑና ስፋቱ ከጤፍ ፍሬ ማነሱ ብቻ ነው።

መሣሪያው አይሶሌተር ይባላል። ልቡ ፌራይት ከሚባል ጥቁር ሸክላ የተሠራ ነው። ሸክላ ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ የብረት ዝገት ከሌሎች የማዕድን ዱቄቶች ጋር ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ እቶን ውስጥ የሚጋገር ነገር ነው። የዛሬው ጥያቄ ይህን ሸክላ በሚሊሜትር ሞገድ ከሚሠራ ቺፕ ጋር እንዴት እናጋባው የሚል ነው። ሚሊሜትር ሞገድ የምንለው ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለውን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ10 ሚሊሜትር እስከ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። የመኪና ራዳር 77 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል። ከማማ ወደ ማማ ብዙ ዳታ የሚያሻግሩ አዳዲስ ማገናኛዎች ከ71 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ባለው ውስጥ ይሠራሉ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ አውሮፕላኑ ልመልሳችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ የሚያበራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 (ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አፍንጫው ውስጥ የአየር ሁኔታ ራዳር አለው። እዚህ በክረምት የሚቆለለውን ደመና የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አብራሪው በዚያ መሃል መንገድ የሚፈልገው በዚህ ራዳር ነው። ራዳሩ 9.3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ሞገዱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንዱ አንቴና ይልካል፣ ያው አንቴና ይቀበላል። የሚላከው ምት ብርቱ ነው። ከዝናቡ ነጥሮ የሚመለሰው ደግሞ ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። ብርቱው ወደ ተቀባዩ ከገባ ተቀባዩ ይቃጠላል፤ ደካማው ወደ ላኪው ከሄደ ዝናቡ አይታይም። በእንዲህ ዓይነት ራዳር ውስጥ ይህን የሚዳኘው የተለመደው መሣሪያ ሰርኩሌተር ነው።

ሰርኩሌተርን ለማስረዳት አደባባይ ይበቃኛል። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት አደባባይ አስቡ። ሁሉም መኪና በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ በመጀመሪያው መንገድ የገባ በሁለተኛው ይወጣል፣ በሁለተኛው የገባ በሦስተኛው፣ በሦስተኛው የገባ በመጀመሪያው። ላኪውን አንደኛው መንገድ ላይ፣ አንቴናውን ሁለተኛው ላይ፣ ተቀባዩን ሦስተኛው ላይ አስቀምጡ፤ ራዳር ሆነ። ሦስተኛው መንገድ ላይ በተቀባዩ ፋንታ ሞገድ የሚውጥ ሬዚስተር ብትተክሉ ደግሞ የእኔ ሳጥን ሆነ። ከአንቴናው ነጥሮ የተመለሰው ሁሉ ሬዚስተሩ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አይሶሌተር ማለት አንዱ መንገዱ የተደፈነ አደባባይ ነው።

የተመለሰ ሞገድ ምን ያህል ያስቸግራል? ቅድም ይህ ማይክራፎን ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አሰምቶናል። ማጉያ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ የሚሆነው ይህ ነው። ቺፕ ላይ ያለው የሞገድ ማጉያም ከዚህ አይለይም፤ ወይ ይጮሃል፣ ወይ ድግግሞሹ ይንሸራተታል፣ ወይ ጉልበቱ ይወርዳል። አንቴና የተላከለትን ሁሉ አየር ላይ አይለቅም፤ ከቮልቴጁ ግማሹን ከመለሰ ከኃይሉ ሩቡን መለሰ ማለት ነው። በሚሊሜትር ሞገድ ችግሩ የሚብሰው ደግሞ አንቴናዎቹ በአሥሮችና በመቶዎች ተደርድረው ስለሚሠሩ ነው። ጨረሩ ወደ ፊት ሲያይ ሰላም ነው። ወደ ጎን ሲያዘነብል ግን እያንዳንዱ አንቴና የጎረቤቶቹን ሞገድ መቅመስ ይጀምራል፣ ተመላሹም ይጨምራል። ማጉያው ከአንድ አንቴና ጋር የተጋባ መስሎት ጨረሩ በዞረ ቁጥር ሌላ አንቴና ያገኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። በአንድ በኩል አሳልፎ በሌላው በኩል የሚከለክል ነገር መሥራት ለምን ያስቸግራል? ከባሮ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ጥያቄው የሚያስቅ ነው። አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ የሆነ የዓሣ ወጥመድ ታውቃላችሁ፤ ዓሣው ሰተት ብሎ ይገባል፣ መውጫውን ግን አያገኘውም። ታዲያ ለሞገድስ እንዲህ ያለ ቧንቧ፣ በአንድ በኩል ሰፊ በሌላው በኩል ጠባብ፣ ሠርተን አንገላገልም?

አንገላገልም። ዓሣ በቅርጽ ይታለላል፤ ሞገድ አይታለልም። ሔንድሪክ ሎሬንትዝ የተባለው የኔዘርላንድ የፊዚክስ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሒሳብ ያረጋገጠው ይህንን ነው። ከመዳብ፣ ከፕላስቲክ፣ ከመስታወትና ከመሳሰሉት ተራ ቁሶች የተሠራ ማናቸውም የሞገድ መንገድ፣ የፈለገውን ያህል ጠማማና ረቂቅ ቢሆን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳልፈውን ያህል ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋል። ብልሃተኛ ቅርጽ አገኘሁ የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይመጣብኛል። ሥዕሉን አይቼ የማቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ከምን ትሠራዋለህ?»

መፍትሔው ያለው ከቁሱ ውስጥ ነው። እንዝርት ስታሾር ያያችኋትን እናት አስታውሱ። እንዝርቷ ቀጥ ብላ ስትዞር ቆይታ ዘንበል ስትል ጫፏ ክብ እየሠራች በአንድ አቅጣጫ ትዞራለች። ፌራይት ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ከውጭ ማግኔት ስታቀርቡባቸው ሁሉም ወደዚያ ይሰለፋሉ፤ ዘንበል ያደረጋቸው ነገር ካለ ደግሞ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራሉ። አንድ ቴስላ ጥንካሬ ባለው ማግኔት ውስጥ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ፣ ማለትም በ28 ጊጋኸርዝ፣ ይዞራሉ። ከእነሱ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ሞገድ ይነካቸዋል፣ ይነኩታል፤ ተቃራኒ የሚሽከረከረው ግን እንዳላያቸው ያልፋል። ስለዚህ ፌራይት ግራና ቀኝን ለይቶ ያውቃል። ለተራ ቁስ ግራም ቀኝም አንድ ናቸው።

ታዲያ ተራ ብረትስ ማግኔት ይወድ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። ይወዳል፤ ግን ብረት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ከደጃፉ ይመልሰዋል። ፌራይት የማግኔት ጠባይን ከብረት፣ ኤሌክትሪክ ያለማስተላለፍን ከሸክላ የወረሰ ነው፤ ሞገዱ ውስጡ ገብቶ ከኤሌክትሮኖቹ ጋር መጫወት ይችላል። ካቶና ታኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ቶኪዮ ላይ በ1930 የጀመሩትን የፌራይት ሥራ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ቀጠለበት። እዚያው ፊሊፕስ ውስጥ ቴለገን በ1948 እንዲህ ያለ አንድ አቅጣጫ የሚለይ መሣሪያ ሊኖር እንደሚገባ በወረቀት አሳየ፤ ፖልደር በዓመቱ ፌራይት በሞገድ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ሒሳቡን ሠራ። በ1952 ደግሞ ሌስተር ሆጋን አሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃውን ሠርቶ አቆመው። የሠራበት ድግግሞሽ ዛሬ እኔን ካመጣኝ አውሮፕላን ራዳር ብዙም የራቀ አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ ካለቀ ሰባ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የቀረን ሥራ የእቶንና የእጅ ነው።

እስኪ ስልካችሁን አውጡና ሒሳብ ማስሊያውን ክፈቱ። የምንሠራው የአደባባዩን መሃል፣ ክቧን የፌራይት ዲስክ ነው። ዘዴው ቦስማ የተባለ የፊሊፕስ ሰው በ1960ዎቹ ያወጣው ነው፤ ለእናንተ አሳጥሬዋለሁ። 300ን በጊጋኸርዙ አካፍሉ፤ የሞገዱ ርዝመት በሚሊሜትር ይወጣል። ፌራይት ውስጥ ሞገድ ስለሚያጥር ውጤቱን እንደገና ለ3.6 አካፍሉ። ከዚያ በ0.59 አባዙ። የዲስኩ ስፋት ያ ነው።

ለአውሮፕላኑ ራዳር 9.3 አስገቡ፤ 5 ሚሊሜትር ከምናምን ወጣ፣ ምስር ማለት ነው። ለሳተላይት መላኪያ 28 አስገቡ፤ 1.8 የማይሞላ ሚሊሜትር ወጣ፣ ሰናፍጭ ነው። ለመኪና ራዳር 77 አስገቡ፤ 0.6 ሚሊሜትር ወጣ፤ ከጤፍ ፍሬም ያንሳል። የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ የምታህል ስሕተት በዚህ ዲስክ ጠርዝ ላይ ብትፈጠር አደባባዩ የሚሠራበት ድግግሞሽ ከ77 ወደ 76 ወይም ወደ 78 ሊጠጋ ይችላል። ጤፍ በብረት መቆንጠጫ አንስታችሁ በትክክል መሃል ላይ ማስቀመጥን አስቡት፤ ያውም ጤፉ መቆንጠጫው ላይ የሚጣበቅ ማግኔት ሆኖ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የናስ ወይም የፕላስቲክ መቆንጠጫ የምንይዘው ለዚህ ነው።

መጠኑ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ዋናው ችግር የፌራይቱ ጉልበት ነው። አደባባዩ ምን ያህል ሰፊ ድግግሞሽ እንደሚያስተናግድ የሚወስነው አንድ ንጽጽር አለ፤ የፌራይቱ ማግኔታዊ ጉልበት ለሞገዱ ድግግሞሽ ሲካፈል። በጣም የተመሰገነው ፌራይት ዪትሪየም አይረን ጋርኔት ነው፤ በ1956 የተገኘ፣ ብክነቱ አነስተኛ የሆነ ድንቅ ቁስ። ጉልበቱ ወደ ጊጋኸርዝ ሲመነዘር 5 ነው። በአውሮፕላኑ ራዳር 5 ለ9.3፣ ከግማሽ በላይ ነው፤ ሸጋ ነው። በ77 ጊጋኸርዝ ግን 5 ለ77 ከመቶ 6 ወይም 7 ብቻ ነው። እንዝርቷ በቀስታ እየዞረች ሞገዱ ሮጦ አመለጣት ማለት ነው። ብርቱው የኒኬልና የዚንክ ፌራይት እንኳ 14 ላይ ያቆማል፤ 14 ለ77 ከመቶ 18 ነው። ሊሠራ ይችላል፣ ግን ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ያንን ፌራይት አጥግቦ ለማሰለፍ ግማሽ ቴስላ የሚሆን ማግኔት ከላይ መጫን ያስፈልጋል። ከጤፍ ያነሰች ዲስክ፣ በላይዋ ደግሞ ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚገዝፍ ማግኔት! በረድፍ ሊደረደሩ ለታሰቡ መቶ አንቴናዎች መቶ እንዲህ ያለ ማግኔት የት ይቀመጣል? ጎረቤታሞቹስ እርስ በርስ ሲሳሳቡ ማን ይለያያቸዋል?

ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ቁስ አለ፤ ሁላችሁም ቤት ይገኛል። የተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ገልብጣችሁ እዩ። ከጀርባው ጥቁር ቀለበት አለ፤ ሲወድቅ እንደ ሸክላ የሚሰበር። ያ የባሪየም ወይም የስትሮንቲየም ሔክሳፌራይት ነው። ማግኔትነቱን ከራሱ ክሪስታል ያገኘዋል፤ ውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች የሚያሰልፍ 1.7 ቴስላ ገደማ የሚመዘን የራሱ ኃይል አለው። ስለዚህ ከላይ ማግኔት ሳይጫንበት እንዝርቶቹ ከ30 እስከ 50 ጊጋኸርዝ ባለው አካባቢ፣ እንደ ቅርጹ፣ በራሳቸው ይዞራሉ። ጥቂት አሉሚኒየም ብትቀላቅሉበት ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ ስካንዲየም ብትጨምሩ ይወርዳል። ቅመም ነው፤ እንደ በርበሬ ይመጠናል። በባጃጁ ውስጥ ዘፈን የሚያሰማው ጥቁር ቀለበትና የሚሊሜትር ሞገድ ቺፕ ተስፋ አንድ ዘር መሆናቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ደስታዬን የሚያደፈርሰው እቶኑ ነው። ሔክሳፌራይት ጥሩ ሆኖ የሚጋገረው ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ሲሊከን ቺፕ ግን ሽቦዎቹ ከተዘረጉበት በኋላ ከ400 ወይም ከ450 ዲግሪ በላይ አይችልም። ቺፑን ሠርተን ፌራይቱን ከላዩ ጋገርን ማለት ምጣዱን ከነቤቱ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ዲዛይነሮች ሁለት መንገድ ይዘዋል። አንዱ መጀመሪያ ሙቀት በሚችል መደብ ላይ ፌራይቱን ማብቀል ነው፤ ቦስተን በሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የቪንሰንት ሃሪስ ቡድን በሲሊከን ካርባይድ ላይ የባሪየም ሔክሳፌራይት ስስ ሽፋን አብቅሏል። አስቸጋሪው ነገር ለአደባባይ የሚበቃ ውፍረት በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮን መሆኑ ነው፤ እንዲያ የወፈረ ሽፋን ሲቀዘቅዝ ከመደቡ ጋር እኩል ስለማይኮማተር እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ሌላው መንገድ ለየብቻ መጋገርና በኋላ ማጋባት ነው፤ ዲስኳን ጋግሮ፣ ሞርዶ፣ ከቺፑ ጎን በተዘጋጀ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ። የእኔ ድምፅ ለዚህኛው ነው። ውበት ይጎድለዋል፤ ግን ይሠራል፤ የተበላሸውንም ዲስክ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል።

እዚህ ላይ የጋምቤላን ፀሐይ አንስቼ ካላወራሁ ንግግሬ የአዲስ አበባ ንግግር ይሆናል። ፌራይት ሙቀት ይፈራል። እየሞቀ ሲሄድ ሰልፉ እየላላ፣ ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል። ዪትሪየም ጋርኔት በተለመደው የአየር ሙቀት አካባቢ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ከሺህ ሁለት ያህል ያጣል፤ 280 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጨርሶ ይበተናል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ያለበትን አስቡ። እዚህ ማረፊያው ላይ ቆሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ይቀበላል። ተነሥቶ 25 ሺህ ጫማ ሲደርስ ውጭ ያለው አየር ከዜሮ በታች 30 ሊደርስ ይችላል። በአንድ በረራ ውስጥ እስከ 70 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ማለት ነው፤ የጋርኔቱ ጉልበት ከመቶ 14 ያህል ይወዛወዛል። በቂ ጥንቃቄ ያልተደረገበት አደባባይ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ቀትር ላይ ጋምቤላ ሲደርስ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል።

ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው። ጋርኔቱ ላይ ጋዶሊኒየም ሲጨመር የጉልበቱ አወራረድ ይስተካከላል። ማግኔቱ ጎን ደግሞ ሲሞቅ ማግኔታዊነቱ የሚቀንስ የኒኬልና የብረት ቅይጥ ይለጠፋል። በቅዝቃዜ የማግኔቱን ጉልበት ከፊሉን ይሰርቃል፣ በሙቀት ይለቀዋል፤ ሌባው ሚዛን ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ሔክሳፌራይት የሚበተነው ከፍ ብሎ 450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቺፑን የራሱን ሙቀትም አትርሱ። አንቴናው ተሰብሮ 1 ዋት ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ያ 1 ዋት ከጤፍ በማትበልጥ ሬዚስተር ውስጥ ነው የሚቀረው። የአዲስ አበባ ብርድ ያንን ሊምር ይችላል። እዚህ ግን ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ ከመጀመሪያው ካልተሠራለት ሬዚስተሩ ይነዳል። ዕቃ ገዝታችሁ የምታስገቡ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ካላችሁ አደራ የምላችሁ ይህንን ነው፤ መግለጫው ላይ ያለው ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ነው ወይስ በ70 ብላችሁ ጠይቁ።

«ፌራይት አርጅቷል፤ አሁን ማግኔት የሌለው አደባባይ በቺፕ ላይ ብቻ ይሠራል» የሚል አይጠፋምና ለእሱም ልመልስ። እውነት ነው፤ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሐሪሽ ክሪሽናስዋሚ ቡድን በ2016 በትራንዚስተር ብቻ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችን በሰዓት እያፈራረቀ፣ ሞገድን በአንድ አቅጣጫ የሚያዞር ቺፕ ሠራ፤ በ2017 ወደ 25 ጊጋኸርዝ አሳደገው። የዓሣ ወጥመዱን በር በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ መክፈትና መዝጋት እንደማለት ነው፤ ቅርጹ ያቃተውን ጊዜ አደረገው። አድናቆቴ ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚያ ድግግሞሽ ከገባው ኃይል ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥሩ ፌራይት አምስተኛውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው የሚበላው። የባትሪና የፀሐይ ኃይል ቆጥሮ ለሚኖር ጣቢያ ግማሽ መክሰር ቀልድ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከ30 ጊጋኸርዝ በታች ማግኔት አልባው ፌራይቱን እየገፋው ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ሸክላው ገና ብዙ ዓመት ይነግሣል።

እኛስ? በአገራችን የሚሊሜትር ሞገድ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ በቅርብም ይኖራል ብዬ አላታልላችሁም። ወለጋ ቢቂላል ላይ የብረት ማዕድን አለና ነገ ፌራይት እንሸጣለን የሚል ንግግርም አልወድም፤ ማዕድኑ ከቲታኒየምና ከፎስፈረስ ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ፌራይት ደግሞ የሚፈልገው እጅግ የጠራ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ያውም በኪሎ እንጂ በመርከብ አይደለም። ያለን ግን ምንድን ነው? ሸክላ መጋገር እናውቃለን። ሐዋሳ ያለው ታቦር ሴራሚክስ ለዓመታት እቶን ሲያነድ ኖሯል። አምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ ኮሌጅና የአዳማው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሞገድና ቁስ ያስተምራሉ። ሔክሳፌራይት ዱቄት ለመፍጨት፣ ለመጋገርና ለመመዘን የሚያስፈልገው ወፍጮ፣ እቶንና መለኪያ ነው። የሚጎድለን የሸክላ ሰውና የሞገድ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ለዚያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

የሞገድ ሰው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ከራሴ ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ እንዲህች ያለች ሳጥን ሰጥተውኝ ግማሽ ቀን ለካሁ፤ ያሳለፈችው ከመቶ አንድ ብቻ ሆነ። ተበላሽታለች ብዬ አመለከትኩ። የቤተ ሙከራው አዛውንት ባለሙያ መጡ፤ ምንም ሳይናገሩ ቀስቷን በጣታቸው አሳዩኝ። ገልብጬ ነበር የገጠምኳት። ሳጥኗ ሥራዋን በትክክል እየሠራች ነበር፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን የዋጠችው ታዝዛ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተውኩት የብረት መፍቻ ተንሸራቶ ተለጠፈባትና ልኬቴን እንደገና አበላሸው። አዛውንቱ ሁለተኛ ሲመጡ የናስ መፍቻ ይዘው መጡ፤ እስከ ዛሬ አለኝ።

ሳጥኗ ይቺውና፤ ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሏት። ቀስቷን እዩ፤ ቁልፋችሁን ብታስጠጉባት መሳቧን ትሰማላችሁ፤ ክዳኗን ግን አትክፈቱ፤ የብረት መፍቻም አታስጠጉባት። ወደ አዲስ አበባ የምመለሰው በነገው አውሮፕላን ስለሆነ ከአዳራሹ ከመውጣታችሁ በፊት መልሱልኝ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።